ዳንዴሊዮንን በሰዓቱ ማልማት

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ስለ ዳንዴሊዮን አመራረት እንድናገር መጋበዜን የሰማ አንድ ወዳጄ «ሰው ሁሉ ማጥፊያው በጨነቀው ተክል ላይ አንተ ማብቀያውን ልታስተምር ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ያለ ምክንያት ሳቀ አልልም። ዳንዴሊዮን ማንም ሳይዘራው በሣር ሜዳ፣ በመንገድ ዳርና በንጣፍ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይበቅላል፤ ማንም ሳያጠጣውም ያብባል። ይሁን እንጂ እንዲሁ መብቀሉ አንድ ነገር ሲሆን፣ ከእሱ የሚበላ ቅጠል፣ የሚቆላ ሥር ወይም የሚለቀም አበባ ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። ከሜዳ ላይ በዘፈቀደ የተቀነጠሰ ያረጀ ቅጠል እንደ እሬት ይመራል። የዚያው ተክል ቅጠል ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ እምቡጡ ሳይታይ ቢቆረጥ ኖሮ ምሬቱ ምላስን የሚያነቃቃ ያህል ብቻ ይሆን ነበር። ዳንዴሊዮንን ማስነሳት ማንንም አይቸግርም፤ አብቃዩን የሚፈትነው እያንዳንዱን የተክሉን ክፍል በሰዓቱ መድረሱ ነው። ንግግሬም በይበልጥ ስለዚሁ ሰዓት ይሆናል።

ከስሙ ልጀምር። ዳንዴሊዮን የሚለው ቃል የመጣው «የአንበሳ ጥርስ» የሚል ትርጉም ካለው ከፈረንሳይኛው «ዳን ደ ሊዮን» ነው። የቅጠሉን ጠርዝ ብታዩ መንጋጋ ላይ እንደ ተሰደሩ ጥርሶች ሆነው ወደ ሥሩ ያዘነበሉ ሹል ክፍሎች ታገኛላችሁ። የሚያስገርመው፣ ፈረንሳዮች ራሳቸው ዛሬ በብዛት የሚጠሩት በሌላ ስም ነው፤ «ፒሳንሊ» ይሉታል፤ ይህም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ «አልጋ ላይ የሚያሸና» እንደ ማለት ነው። ቅጠሉ ሽንት የማብዛት ጠባይ እንዳለው ከጥንት ጀምሮ ስለሚነገር ነው። የዕፀዋት ተመራማሪዎች የሚጠሩበት ስም ታራክሳኩም ኦፊሲናሌ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቃል በመካከለኛው ዘመን ከዐረብኛና ከፋርስኛ የሕክምና ጽሑፎች ወደ ላቲን የገባ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ተክሉ በቀድሞ መድኃኒት ቀማሚዎች መጋዘን ውስጥ ቦታ እንደ ነበረው ያመለክታል። በዝምድና የሱፍ አበባ ቤተሰብ ነው፤ ከዚህ ሰፊ ቤተሰብ ውስጥም ሰላጣና ቺኮሪ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ሰላጣ አብቅሎ የሚያውቅ ሰው ከዳንዴሊዮን ጋር ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ቀሪው ግማሽ ሥሩን ማወቅ ነው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ዛሬ ጠዋት የቆረጥኩትን አንድ አበባ አምጥቻለሁ። አገዳውን ስሰብረው ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ይወጣል። አገዳው እንደ ሸምበቆ ውስጡ ክፍት ነው፤ ቅርንጫፍም ሆነ ቅጠል የለበትም። አሁን አበባውን ለሁለት ልገንጥልና ከመካከሉ አንዱን ቢጫ ክር በጥፍሬ ልምዘዝ። ብዙ ሰው እንደ አንድ የአበባ ቅጠል የሚቆጥረው ይህ ክር በራሱ ሙሉ አበባ ነው፤ በማጉያ መነጽር ስታዩት ጫፉ ላይ አምስት ጥቃቅን ጥርሶች አሉት፤ እነዚህም ተጣብቀው አንድ የሆኑት የአምስት አበባ ቅጠሎች ምልክት ናቸው። በግርጌው ነጭ ጸጉር ከቦታል፤ ከጸጉሩ በታች ያለችው ፈዛዛ ነጥብ ደግሞ ወደፊት ዘር የምትሆነው ናት። እንግዲህ አንድ አበባ የምንለው ከመቶ የሚበልጡ፣ አንዳንዴም ሁለት መቶ የሚደርሱ አበቦች የተሰበሰቡበት ጉባኤ ነው፤ እያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዘር ለማፍራት የተዘጋጁ ናቸው። ይህ ጉባኤ ጠዋት ይከፈታል፤ ማታና በዝናብ ጊዜ ይዘጋል። ስለዚህ አበባውን ለምግብ የሚፈልግ ሰው ጤዛው እንደ ደረቀ፣ ረፋዱ ላይ መልቀም አለበት፤ አመሻሽ ላይ የሚሄድ የሚያገኘው የተጨበጠ አረንጓዴ ጡጫ ነው።

ወደ መደቡ ከመግባቴ በፊት ለአብቃይ በጣም የሚጠቅም አንድ ነገር ስለ ዘሩ ልንገራችሁ። በዓለም ላይ በብዛት የተሰራጩት ዳንዴሊዮኖች 24 ክሮሞዞም (የዘር ውርስ የሚሸከሙ ክሮች)፣ ማለትም የመሠረታዊውን ስምንት ሦስት እጥፍ ያላቸው ሲሆኑ፣ ያለ ዳቀላ ዘር ያፈራሉ። የሌላ አበባ ብናኝ መጣም አልመጣም ዘሩ ከእናቲቱ ብቻ ይሠራል፤ ልጅም የእናቷ ግልባጭ ትሆናለች። 16 ክሮሞዞም ያላቸውና እንደ ብዙው ተክል የሚዳቀሉ ዳንዴሊዮኖችም አሉ፤ እነሱ በይበልጥ የሚገኙት በመካከለኛውና በደቡብ አውሮፓ ነው። ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል ካላችሁ፣ ቅጠሉ ሰፊና ምሬቱ ለስለስ ያለ አንድ ተክል ካገኛችሁ ዘሩ ያንኑ ጠባይ ይዞ የመውጣቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን አትቸኩሉ፤ የቅጠሉ ቅርጽ በቦታውም ይለዋወጣል። በጥላ ያደገው ሰፊና ለስላሳ፣ በፀሐይና በተደጋጋሚ በሚታጨድ ሣር ውስጥ ያደገው ደግሞ ጥርሱ የጠለቀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እናት ተክል ስትመርጡ በአንድ ሥፍራ ጎን ለጎን የበቀሉትን አወዳድሩ፤ በጥላ ያለውን በፀሐይ ካለው ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

ዘር የመሰብሰቢያው ሰዓት አጭር ነው። አበባው ሥራውን ጨርሶ ከተዘጋ በኋላ አገዳው ለጥቂት ቀናት ወደ መሬት ዝቅ ይላል፤ ዘሩ ሲበስል ከቀድሞው ይበልጥ ረዝሞ ይቆማል፤ ከዚያም በአንድ ደረቅ ቀን ያ ሁሉም ልጅ የሚያውቀው ነጭ ኳስ ይከፈታል። ተከፍቶ ካገኛችሁት በንፋስ እየተቀማችሁ ትሰበስባላችሁ። ስለዚህ ራሱ ገና ተዘግቶ ሳለ፣ በጫፉ ላይ ነጭ ጭራ ብቅ ሲል አንዱን ገልጣችሁ ዘሩ ቡናማ መሆኑን እዩ፤ ቡናማ ከሆነ ጭራውን በመቀስ ቆርጣችሁ ራሱን በወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርቁት። ጸጉሩ የሌለው ዘር የትም አይሄድም። ስለ ጸጉሩ ካነሣን፣ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም። መቶ ገደማ የሚሆኑት ክሮች አብዛኛው ቦታቸው ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ከበላያቸው ተነጥሎ የሚሽከረከር የአየር ቀለበት እንደሚፈጥሩና ይህም ዘሩን እንደሚያንሳፍፈው አሳይተዋል። አየሩ እርጥበት ሲበዛበት ጸጉሩ ስለሚሰበሰብ ዘሩ በዚያ ጊዜ ከእናቱ አይርቅም፤ ጠዋት በጤዛ የሚሄድ ሰብሳቢ የሚጠቀመው ከዚህ ነው።

ከሜዳ ዘር ለሚሰበስብ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዳንዴሊዮን የሚመስሉ ብዙ ቢጫ አበቦች አሉ። እውነተኛው ዳንዴሊዮን በአንድ አገዳ ላይ አንድ አበባ ብቻ ይይዛል፤ አገዳው ክፍትና ቅጠል የለሽ ነው፤ ቅጠሎቹም ሁሉም ከመሬት ከአንድ ነጥብ ተነሥተው በክብ ይዘረጋሉ። አገዳው ቅርንጫፍ ካለው፣ ወይም ቅጠሉ በሻካራ ጸጉር ከተሸፈነ በእጃችሁ ያለው ሌላ ተክል ነው።

አሁን ወደ አፈሩ እንምጣ። ዳንዴሊዮን በማንኛውም አፈር ይበቅላል የሚለው አባባል እውነት ቢሆንም አብቃይን ያሰንፋል። የተክሉ ኑሮ ቀጥ ብሎ ወደ ታች በሚወርድ አንድ ወፍራም ዋና ሥር ላይ የቆመ ነው፤ ሥሩ በተለመደው ሁኔታ ከ15 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ከዚያም ያልፋል። በጠንካራ አፈር ውስጥ ያ ሥር ይጣመማል፣ ይከፋፈላል፣ ሲነቀልም ይሰበራል። ስለዚህ መደቡን ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ድንጋዩን ልቀሙ፤ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስትም ቀላቅሉበት። ትኩስ ፍግ አትጨምሩ፤ እንደ ካሮት ሁሉ ሥሩን ይከፋፍለዋል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ6 እስከ 7.5 ቢሆን ይስማማዋል። መሬት የሌለው ሰው በሳጥን ወይም በባልዲ ሊያበቅል ይችላል፤ ለቅጠል ብቻ ከሆነ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል፤ ሥር የሚፈልግ ግን ጥልቅ ዕቃ ይምረጥ፤ ከታች የውኃ መውጫ ቀዳዳም ይኑረው።

ስለ አዘራሩ ስናገር የመጀመሪያ ዓመት ስሕተቴን ልናዘዝ። እንደ ባቄላ ጣቴን እየሰደድኩ ጉድጓድ ሠራሁ፤ በየጉድጓዱ ዘር ጣልኩ፤ አፈሩን መልሼ በእግሬ ጠቀጠቅኩት። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ፤ በመደቡ ላይ ካልዘራሁት አረም በቀር የወጣ ነገር አልነበረም። ከመደቡ ወጣ ብሎ ባለው የጠጠር መሄጃ ላይ ግን ዘሩን ስዘራ ከመዳፌ ያመለጡት ፍሬዎች አንድ በአንድ በቅለው ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የዳንዴሊዮን ዘር ለመብቀል ብርሃን ይወዳል፤ ትንሽ ስለሆነም ከጥልቅ አፈር ውስጥ ገፍቶ ለመውጣት የሚያስችል ስንቅ አልያዘም። ከዚያ ወዲህ የማደርገው እንዲህ ነው። የመደቡን ፊት በመሬት መቧጠጫ አለሰልሳለሁ፤ በወንፊት ከላይ በጥንቃቄ አጠጣለሁ፤ ዘሩን በእርጥቡ አፈር ላይ በትኜ በእጄ መዳፍ ብቻ ጫን ጫን አደርገዋለሁ። አፈር ባለብስም ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ነው። ቅዝቃዜው አልፎ ምድር መሞቅ ስትጀምር፣ አፈሩ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበቅላል። እስኪበቅል ድረስ የአፈሩ ፊት ለአንድ ቀን እንኳ መድረቅ የለበትም፤ ብዙው ዘር የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ችግኞቹ ሦስት አራት ቅጠል ሲያወጡ አሳሷቸው፤ በመካከላቸውም ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይኑር። የተነቀሉት ለጋዎች ይበላሉ፤ የመጀመሪያው ምርታችሁም እነሱ ናቸው። አዛውሮ መትከል አይከለከልም፤ ሆኖም ዋናው ሥር ገና ለጋ ሳለ፣ ከነአፈሩ ተነሥቶ ካልሆነ ሥሩ ይጎዳል፤ እኔ በቦታው መዝራትን እመርጣለሁ። ውኃን በተመለከተ፣ ሥሩ ጠልቆ ከያዘ በኋላ ተክሉ ድርቅን ይችላል፤ ለቅጠል ለሚፈልገው ሰው ግን መቻሉ አይበቃም። የተጠማ ዳንዴሊዮን አይሞትም፤ ይመራል። ሙቀትም እንዲሁ ምሬቱን ያባብሰዋል። በቀትር ጥላ የሚያገኝ ቦታና ሳይቆራረጥ የሚሰጥ መጠነኛ ውኃ ከማንኛውም ማዳበሪያ ይበልጣል። ተባይን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ ቀንድ አውጣና ቅማል መሰል ነፍሳት ለጋውን ቅጠል ሊያጠቁ ይችላሉ፤ ቀንድ አውጣውን በማታ እየወጡ መልቀም፣ ቅማሉን በውኃ ማጠብ ይበቃል።

የቅጠል ሰዓት ከአበባ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ተክሉ እምቡጥ ለማውጣት ሲዘጋጅ በቅጠሎቹ ክብ መካከል፣ ከመሬት ሳይነሣ፣ ትንሽ አረንጓዴ የልብስ ቁልፍ የመሰለ ነገር ይታያል። ጎንበስ ብሎ ጣትን በመካከሉ ማስገባት ያስፈልጋል እንጂ ቆሞ አይታይም። ይህን ቁልፍ ካገኛችሁ የለጋው ቅጠል ጊዜ እያለቀ ነው፤ ቁልፉን ቆንጥጣችሁ ብታወጡት ግን ጥቂት ተጨማሪ ጊዜ ታገኛላችሁ። ስትቆርጡ የውጭዎቹን ቅጠሎች ወስዳችሁ የመካከሎቹን ተዉ፤ ከእያንዳንዱ ተክል ከሢሶ በላይ ካልወሰዳችሁ ደጋግሞ ይሰጣችኋል።

ምሬቱን ጨርሶ ማለዘብ የሚፈልግ ሰው ቅጠሉን ከብርሃን ይከልክለው። የፈረንሳይ አትክልተኞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዳንዴሊዮንን እንደ ሰላጣ በመደብ እያበቀሉ ለገበያ ሲያቀርቡ ይህን ዘዴ ይጠቀሙ ነበር፤ ከሜዳው እየመረጡም ቅጠላቸው የበዛ ዓይነቶችን አውጥተዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቅጠሉ ደረቅ በሆነበት ሰዓት ተክሉን በተገለበጠ የሸክላ ማሰሮ ትሸፍኑታላችሁ፤ የማሰሮው ቀዳዳ ካለ በድንጋይ ይደፈናል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ ስትገልጡት ቅጠሉ ገርጥቶ፣ ቢጫ ወደ ነጭ ሆኖ፣ ሲነኩት የሚሰበር ሆኖ ታገኙታላችሁ። እርጥብ ቅጠል ከሸፈናችሁ ግን ይበሰብሳል፤ ይህንንም ስሕተት አድርጌዋለሁ።

አበባው እንዲከፈት ከተዉት ንቦች ይመጣሉ። ቅዝቃዜ ባላቸው አገሮች ዳንዴሊዮን ቀድመው ከሚያብቡት አንዱ በመሆኑ ለተራበ ቀፎ ደራሽ ነው። ብናኙ ግን ለንብ ልጆች ዕድገት የሚያስፈልጉ አንዳንድ አሚኖ አሲዶች ስለሚያንሱት ብቻውን በቂ ምግብ አይሆንም፤ ለንብ ብላችሁ የምትተክሉ ሰዎች ሌሎች አበቦችም ጎን ለጎን ይኑሯችሁ። አበባው ሲዘጋ ደግሞ ሥራችሁ አላለቀም። ራሱን ነጭ ኳስ ከመሆኑ በፊት መቁረጥ ግዴታ ነው፤ አለዚያ የእናንተ መደብ የጎረቤታችሁ ጠብ መነሻ ይሆናል። ተቆርጦ የተጣለ አበባ እንኳ መሬት ላይ ሆኖ ዘሩን ማብሰል ስለሚችል ቆርጣችሁ እዚያው አትተዉት።

ሥሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሁለተኛው የዕድገት ዓመት መጨረሻ፣ ቅዝቃዜው ከመግባቱ በፊት ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው፤ በዚህ ጊዜ ተክሉ ኢኑሊን የተባለውን ስንቁን ወደ ሥሩ አውርዶ ያከማቻል። የሚነቀለው አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ከጎን ቀጥ አድርጎ በተሰደደ ረጅም መቆፈሪያ ነው፤ ቅጠሉን ይዞ የሚጎትት ሰው ቅጠሉን ይዞ ይቀራል። በአፈር ውስጥ የቀረች ጥቂት ሴንቲ ሜትር የምትሆን ስባሪ እንደ ገና ታቆጠቁጣለች፤ ብዙ ሰው አረሙን ሲቆፍር ውሎ ያበዛው በዚህ ምክንያት ነው። የወጣው ሥር ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ ደርቆ፣ እስኪጠቁር ድረስ ሳይሆን ጥቁር ቡናማ እስኪሆን ተቆልቶ ሲፈጭ ካፌይን የሌለው ትኩስ መጠጥ ይሆናል። ጣዕሙ ቡና ነው ብሎ የሚያሻሽጥ ሰው ቢያጋጥማችሁ አትመኑት፤ በራሱ መልካም ነው።

ሥሩ ውስጥ ስላለው ወተት መሰል ፈሳሽ አንድ ቃል ልጨምር። ኮክ ሳጊዝ የሚባለው የዳንዴሊዮን ዘመድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በካዛኪስታን ተራራማ ምድር ሲገኝ፣ ፈሳሹ ጎማ ሊሠራበት የሚችል ጥራት እንዳለው ታወቀ፤ ሶቪየት ኅብረትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በሰፊው ዘራችው። ከጦርነቱ በኋላ ርካሽ ጎማ ሲመለስ ተረሳ። በእኛ ዘመን ኮንቲኔንታል የተባለው የጎማ ኩባንያ ከጀርመን ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ከዚሁ ተክል የብስክሌት ጎማ ሠርቶ ለገበያ አቅርቧል፤ ቡድኑም እ.ኤ.አ. በ2021 የጀርመን ፕሬዚዳንት ለሚሰጡት የፈጠራ ሽልማት ለመጨረሻው ዙር ታጭቶ ነበር። በጓሮ የሚበቅለው ተራ ዳንዴሊዮን ግን ጥሩ ጎማ የሚሆን በቂ ፈሳሽ የለውም፤ ስለዚህ ጎማ ልሥራ ብላችሁ አትድከሙ።

ስለ ጤና የምናገረው አጭር ይሆናል፤ ሐኪም አይደለሁም። ቅጠሉ በቫይታሚን ኬ እጅግ የበለጸገ ነው፤ በ100 ግራም ጥሬ ቅጠል ውስጥ ያለው ለአንድ አዋቂ በቀን ከሚመከረው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህ ለብዙ ሰው መልካም ቢሆንም፣ ዋርፋሪን የተባለውን ደም አቅጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር በአንድ ጊዜ አብዝቶ መብላት የለበትም። የሽንት መድኃኒት የሚወስድ፣ የሐሞት ጠጠር ያለበት፣ ወይም የሱፍ አበባ ቤተሰብ ዕፀዋት አለርጂ የሚያስነሱበት ሰውም እንዲሁ ይጠይቅ። ከመንገድ ዳርና የአረም ማጥፊያ ኬሚካል ከተረጨበት ሜዳ ፈጽሞ አትቅጠፉ፤ ኬሚካሉን የጠጣ ተክል ከመድረቁ በፊት ለጥቂት ቀናት ጤነኛ መስሎ ይታያል።

የመጨረሻው ነገር ብርድ ለበዛባቸው ወራት የሚሆን ዘዴ ነው፤ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ቅዝቃዜ ሲገባ ያወጣችኋቸውን ሥሮች ሁሉ አትቁሉ፤ ወፍራምና ጤነኛ የሆኑትን አሥር ያህል ለዩ። ቅጠላቸውን ከአናታቸው ሁለት ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ በጥልቅ ባልዲ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጋችሁ አናታቸው ብቅ እንዲል አቁሟቸው፤ ባልዲውን ምንም ብርሃን በማይገባበት፣ ቀዝቀዝ ባለ ነገር ግን በረዶ በማይሠራበት ጓዳ አስቀምጡ። አሸዋው እንዳይደርቅ በየጊዜው ትንሽ አርከፍክፉ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በጨለማው ውስጥ የገረጡ ለጋ ቅጠሎች ይወጣሉ፤ ቆርጣችሁ ስትወስዱ ሥሩ በስንቁ ሁለተኛ ዙር፣ ጉልበት ካለው ሦስተኛም ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ሥሩ ባዶ ነው፤ ይጣላል። ወደ ኮምፖስቱ ከመጨመራችሁ በፊት ግን በፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ እንደ እንጨት ቀጭ ብሎ እስኪሰበር አድርቁት፤ አለዚያ በሚቀጥለው ወቅት ኮምፖስቱ የተበተነበት መደብ ሁሉ ዳንዴሊዮን ይሆናል።